ፊደሉ አንድ፣ ቋንቋው ሌላ

በባሌ የምትገኘው የሮቤ ከተማ ልጅ እንግሊዝኛን በቅጡ ከመማሩ በፊት የእንግሊዝኛን ፊደል ያውቀዋል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አፋን ኦሮሞን የሚጽፈውም የሚያነበውም በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ይህ ትልቅ ቅድሚያ ይመስላል፤ ነውም። ግን ቁቤ የራሱ ሕግ አለው። በቁቤ ኤክስ «ጥ» ናት፣ ሲ «ጭ» ናት፣ ኪው ደግሞ «ቅ» ናት። ስለዚህ የታችኛው ክፍል ልጅ ሳጥን ማለት የሆነውን «ቦክስ» «ቦጥ» ብሎ ያነበዋል፤ ድመቷን «ካት» ደግሞ «ጨት» ይላታል። ልጁ የተማረውን ሕግ አንድም ሳያጎድል ተከትሏል። ሕጉ የሌላ ቋንቋ መሆኑን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አልነገረውም።

ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ እንደ «ካት» ያሉትን ቃላት በቃሉ ይዟቸዋል። አዲስ ቃል ሲገጥመው ግን ያው የድሮው ሕግ ይመለሳል። በአፋን ኦሮሞ የሳይንስ መጽሐፉ ላይ «ሴሊ» እያለ የተማረው ሕዋስ በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ በሲ ተጀምሮ ሲመጣ አያውቀውም። ሐሳቡን ተምሮታል፣ ስሙንም በጆሮው ሰምቶታል፤ ጽሑፉን ግን ከሚያውቀው ነገር ጋር ማገናኘት ያቅተዋል። አናባቢውም ሌላ ጣጣ ነው። በቁቤ ኦ ሲደረብ ድምጹ ይረዝማል እንጂ ኦነቱን አይለቅም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ቡክ» ላይ የተደረበው ኦ ወደ «ኡ» ይዞራል። ቁቤ እንደተጻፈ የሚነበብ ታማኝ ፊደል ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን የብዙ መቶ ዓመታት ጓዙን ተሸክሞ የቀረ ስለሆነ፣ የታማኝ ፊደል ልጅ ሲገባበት ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ሮቤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሌ ደጋ የስንዴና የገብስ ማሳዎች መካከል ያለች ከተማ ናት። የቀድሞዋ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባ በ14 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከጎባ በላይ የሳነቲ አምባና 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ አሉ። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ። አማርኛን ብዙዎቹ ከገበያው፣ ከጎረቤትና ከቴሌቪዥን ይለምዱታል። እንግሊዝኛ በዚህ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል፤ ከክፍል ውጭ የሚሰሙትም በስልክ ከሚያዩት ፊልምና ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሚያልፈው ጎብኚ አፍ ነው።

የትምህርቱ አካሄድ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ከተወሰነ በኋላ፣ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲወስዱ አደረገ። በኦሮሚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሒሳቡም ሳይንሱም በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ ታሪኩና ጂኦግራፊው በእንግሊዝኛ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ለይቶ «መካከለኛ ደረጃ» ብሏቸዋል። ለባሌ ልጅ እነዚህ ሁለት ዓመታት እንግሊዝኛን አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አድርጎ የሚማርባቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ብዙ ወላጅ ከዚህ ተነሥቶ «ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ አይማሩም?» ይላል። ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው፤ መልሱ ግን በአገራችን ተጠንቷል። በ1999 ዓ.ም. ካትሊን ሂዩ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረበችው ጥናት በየክልሉ ያለውን የማስተማሪያ ቋንቋ አነጻጽሮ ነበር። ውጤቱ ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተዛወሩት እንደሚሻሉ አሳየ። እንግሊዝኛን ማስቀደም እንግሊዝኛን አያሻሽልም፤ ሳይንሱንም ያሳጣል። ስለዚህ ጥፋቱን በአፋን ኦሮሞ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። መታየት ያለበት የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ራሱ ምን ይሠራበታል የሚለው ነው።

በአብዛኛው የሚሠራበት የታወቀ ነው። መምህሩ የሰዋስው ሕግ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፣ ከዚያ ባዶ ቦታ ሙሉ ይባላል። ክፍሉ በተማሪ የተሞላ ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ የሚነበብ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ተማሪው የግስ ጊዜያትን ስም ሁሉ ያውቃል። ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ሰጥተው «ምን ይላል?» ቢሉት ግን ዝም ይላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ልጁ ክፍል ሲገባ ሙሉ ሰዋስው በጭንቅላቱ ይዞ ነው፤ የአፋን ኦሮሞን። ይህ ሰዋስው አንዳንድ ቦታ ከእንግሊዝኛ ጋር ይጋጫል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከአማርኛው በተሻለ ይገጥማል። መምህሩም ቋንቋውን የሚያውቅ የአገሬው ሰው ሆኖ ሳለ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አያሳይም።

የሚጋጨውን እንይ። «ቶላን ቡዴነ ኛቴ» ማለት ቶላ እንጀራ በላ ማለት ነው። ግሱ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን ግሱን መሀል ያስገባል፤ ቶላ፣ በላ፣ እንጀራ። በሦስት ቃል ዓረፍተ ነገር ማንም ልጅ ይህን ይለምዳል። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት መስመር ሲሞላ ነው ችግሩ የሚመጣው፤ ተማሪው ግሱን መጨረሻ ላይ ሲጠብቅ መሀል ላይ አልፎት ይሄዳል። በተጨማሪ «ቶላን» ላይ ያለችው «ን» ባለቤቱ ማን እንደሆነ ትናገራለች፤ የአማርኛዋ «ን» ተሳቢን እንደምታሳይ ሁሉ። እንግሊዝኛ በስሞች ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ማን ማንን እንዳደረገ የሚታወቀው በቃላቱ ተራ ብቻ ነው። ተራው ከተዛባ ውሻው ሰውዬውን መንከሱ ቀርቶ ሰውዬው ውሻውን ይነክሳል። ይህን አንድ ጊዜ በምሳሌ ያየ ልጅ የቃላት ተራ ለምን እንደሚጠበቅ ይገባዋል።

ቅጽሉም እንዲሁ ነው። በአፋን ኦሮሞ ትልቅ ቤት «መነ ጉዳ» ነው፤ ቤቱ ይቀድምና ትልቅነቱ ይከተላል። ስለዚህ ልጁ በእንግሊዝኛ «ሐውስ ቢግ» ብሎ ቢጽፍ ምክንያት አለው። ቦታ አመልካቹም ከስሙ ኋላ ነው፤ «መነ ኬሰ» ማለት ቤት ውስጥ ማለት ሲሆን እንግሊዝኛ «ኢን»ን ከፊት ያመጣታል። አንባቢውም ልብ ይበል፤ እነዚህ ስሕተቶች ሕግ ያላቸው ስሕተቶች ናቸው። ልጁ ስለሰነፈ የመጡ አይደሉም። ሕጋቸው ከታወቀ ቶሎ ሊታረሙ ይችላሉ፤ በቀይ እስክሪብቶ ብቻ ከታለፉ ግን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይከተላሉ።

አሁን ወደሚገጥመው እንምጣ። «ትናንት የመጣው ሰው ወንድሜ ነው» የሚለውን አማርኛ እንውሰድ። «ትናንት የመጣው» የሚለው ገላጭ ከ«ሰው» በፊት ነው። በአፋን ኦሮሞ ግን «ነምኒ ከሌሰ ዹፌ ኦቦሌሰ ኮቲ» ይባላል፤ ሰውዬው መጀመሪያ ይጠራል፣ ትናንት መምጣቱ ኋላ ይነገራል። እንግሊዝኛም ልክ እንደዚሁ ሰውዬውን አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል። የሳይንስ መጽሐፍ ደግሞ እንዲህ ባለ ገላጭ የተሞላ ነው፤ ሙቀትን የሚያስተላልፍ ብረት፣ ውኃን የሚመጥ ሥር እያለ ይቀጥላል። በዚህ ነጥብ የሮቤ ልጅ ከአዲስ አበባው አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ይቀድማል። ወደ ሌላ አገር ብንሄድም፣ በቻይንኛ ገላጩ እንደ አማርኛው ከስሙ በፊት ስለሚመጣ ከቤይጂንጉ ልጅም ይቀድማል። ይህን ለተማሪ መንገር ለዕውቀቱም ለልቡም ጥቅም አለው።

ሁለተኛው መግጠሚያ በጊዜ ላይ ነው። አፋን ኦሮሞ «ዴሜ» እና «ዴሜራ» ይላል፤ አማርኛው «ሄደ» እና «ሄዷል» እንደሚለው። እንግሊዝኛ መምህራን ለማስረዳት የሚቸገሩበት፣ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» የሚባል ረዳት ግስ የሚገባበት ጊዜ ለ«ዴሜራ» ቅርብ ዘመዱ ነው። የቻይንኛ ግስ በጊዜም ሆነ በባለቤት ቅርጹን ስለማይለውጥ፣ የቻይና ተማሪ ይህን ሁሉ ከመሠረቱ መማር አለበት። የእኛ ልጅ ግን ልዩነቱን ከእናቱ ተምሮታል። የሚቀረው አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ በአማርኛ «ትናንት ሄዷል» ቢባል ማንም አይቆጣም፣ እንግሊዝኛ ግን «ትናንት» ከተባለ ያንን ጊዜ አይቀበልም።

ቻይና ከተነሣች አይቀር፣ ከዚያ የሚወሰድ ነገር አለ። በቻይና ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ይጀመራል። ልጆቹ ሒሳብና ሳይንሱን እስከ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ በቻይንኛ ይማራሉ፤ በመግቢያ ፈተናው ከ750 ነጥብ 150ው ግን የእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በሦስት ዓመቱ መካከለኛ ደረጃ ልምምዱ የበረታ ነው። በብዛት ከሚሠሯቸው አንዱ አጭር ታሪክ ወስዶ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ቃል አውጥቶ ተማሪው ከአራት ምርጫ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ይህ ልምምድ ጥሩነቱ ሰዋስውን ከንባብ አለመለየቱ ነው። የጎደለውን ቃል ለማግኘት ከላይም ከታችም ማንበብ ግድ ይላል። መምህሩ ይህን ለማዘጋጀት ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃዋል።

ሮቤ ላይ ታሪኩን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከሮቤ ብዙም አትርቅም፤ ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው ያሉት። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው «ጄደለ ፈርዳ» ይለዋል። እንግዲህ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ሦስት ቀላል ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ ጻፈ እንበል። ቀይ ቀበሮ በደጋ ይኖራል። ብቻውን ያድናል፣ ነገር ግን በመንጋ ይኖራል። ዋና ምግቡ ፍልፈል ነው።

ከንባቡ በፊት በአፋን ኦሮሞ ይጠይቃቸዋል። ከብት የጠበቀ ልጅ ይናገራል፤ ቀበሮው በከብቶቹ መካከል ተሸሽጎ ወደ ፍልፈሉ ጉድጓድ ሲጠጋ አይቷል። ሌላው መንጋው ማለዳ ሲሰበሰብ አይቷል። ከዚያ ሲያነቡ ሐሳቡ ቀድሞ ስላለ ዓይናቸው የሚፈልገው ቃሉን ብቻ ነው። መምህሩ «በት» የምትለዋን ቃል ያስመራቸዋል፤ ብቻውን ማደኑና በመንጋ መኖሩ የሚቃረኑ ስለሚመስሉ ነው የገባችው። ከዚያ «ኢት» የምትለዋን እየጠቆመ «ይህች ማን ናት?» ይላል። ይህን መመለስ ያልቻለ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ አንቀጽ ሲያነብ ሁለተኛው መስመር ላይ ይጠፋል።

የመጨረሻው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ቀይ ቀበሮው በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን «ዎልፍ» «ዎልቭስ» አድርጉት። ቀበሮው ሲበዛ «ሊቭስ» ኤስዋን ትጥላለች፣ «ሃንትስ»ም ትጥላለች፣ «ኢት» ደግሞ «ዘይ» ትሆናለች። አንድ ቃል ሲነካ ብዙ ቦታ ይናጋል። ይህች ኤስ ለባሌ ልጅ ቶሎ የምትረሳ ናት፤ በአፋን ኦሮሞ «አነባለሁ» እና «ያነባል» ለማለት ግሱ ያው «ዱቢሰ» ነው፣ የሚለየው ባለቤቱ ነው። ሕጉን ሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ ከመገልበጥ ይልቅ የሚያውቁትን ቀበሮ ከአንድ ወደ ብዙ መለወጥ ብዙ ያስተምራል።

እንዲህ ያለ ትምህርት ግን የሚነበብ ነገር ይፈልጋል። በዚህ ጉዳይ በዓለም ከተሠሩት ሙከራዎች ለባሌ ቅርብ የሚባለው የፊጂው ነው። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ በፊጂ ገጠር ትምህርት ቤቶች፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች፣ ለየክፍሉ 250 ያህል ደስ የሚሉ የታሪክ መጻሕፍት ሰጡ። ቀሪዎቹ ክፍሎች በተለመደው የሰዋስው ልምምድ ቀጠሉ። በ1983 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ውጤት መጻሕፍቱን ያገኙት ልጆች በንባብና በማዳመጥ ከሌሎቹ በሁለት እጥፍ ያህል ፍጥነት ተሻሽለው ተገኙ። በሙከራው ሁለተኛ ዓመት ብልጫው ወደ ሰዋስውና ወደ ጽሕፈትም ተዛመተ። ሰዋስው ሳይበዛባቸው ሰዋስውም አወቁ ማለት ነው።

በእኛም አገር ነገሩ ከሥር መጀመር እንዳለበት ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ለክፍላቸው ከሚመጥን ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጁ። በቋንቋው በቅጡ ያላነበበ ልጅ በእንግሊዝኛ ያነባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት አለ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚያ ፈተና ውድቀት ብዙ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን የፊዚክስም የሒሳብም ጥያቄ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነውና ጥያቄውን ያላነበበ ተማሪ መልሱን ቢያውቅም አይጠቅመውም።

ስለዚህ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ያለው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ ግማሹ ለንባብ መዋል አለበት፤ ንባቡም ልጆቹ በአፋን ኦሮሞ አስቀድመው ከተማሩት ሳይንስ ቢወሰድ ይመረጣል። ስለ ሕዋስ በቋንቋው የተማረ ልጅ በሳምንቱ ያንኑ በአጭር እንግሊዝኛ ቢያነብ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ባይተዋር አይሆንም። ይህን ለማድረግ አዲስ ፖሊሲ አያስፈልግም፤ የሳይንሱና የእንግሊዝኛው መምህር ሳምንታዊ ዕቅዳቸውን አንድ ላይ ቢያዩ ይበቃል። ሮቤ ውስጥ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም አሉ። የሁለቱ ተቋማት የቋንቋ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት ከመካከለኛ ደረጃ ልጆች ጋር ቁጭ ብለው ቢያነቡ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ነው።

መጽሐፍም ጨርሶ የለም አይባልም። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ፕሮጀክት በበርካታ የአፍሪካ ቋንቋዎች የልጆች ታሪኮችን በነጻ ያቀርባል፤ አፋን ኦሮሞም በውስጡ አለ። ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ላይ ያሉባቸው ትንንሽ መጻሕፍት አዘጋጅቷል። ልጁ በቋንቋው ያነባል፣ በእንግሊዝኛው ያመሳክራል። መምህር በስልኩ አውርዶ ሊያትማቸው ይችላል።

ከሮቤ፣ ከጎባ፣ ከዲንሾና ከሲናና ተነሥታችሁ ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር የምትኖሩ፣ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት አንድ ነገር ማድረግ ካሰባችሁ የምትልኩት የታሪክ መጽሐፍ ይሁን። ወፍራም የሰዋስው መጽሐፍ አይሁን፤ የሰባተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ቁጭታ የሚጨርሰው፣ ሥዕል ያለው፣ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ይሁን። ከመላካችሁ በፊት ርእሰ መምህሩን ደውላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፤ መጻሕፍቱ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳይቆለፍባቸውና ልጆቹ ቤታቸው እንዲወስዷቸው ቃል ይግባላችሁ።